የራይን ናስ፣ የቤኒን ቅርስ፦ ማኒላ ምን ዓይነት ገንዘብ ነበር?

እ.ኤ.አ. በ2025 አጋማሽ ኔዘርላንድስ የእንግሊዝ ጦር ከዘረፋቸው የቤኒን ቅርሶች 119ኙን ለናይጄሪያ መለሰች። በ2022 መጨረሻ ደግሞ የጀርመን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበሩት አናሌና ቤርቦክ 20 ቅርሶችን አቡጃ ድረስ ይዘው ሄደው አስረክበዋል። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይነሳል። መነሻው በ2023 የወጣ የሳይንስ ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት ብዙዎቹ ቅርሶች የተሠሩበት ብረት የወጣው ከጀርመን የራይን አካባቢ ነው። ወደ ምዕራብ አፍሪካ የገባው ደግሞ ማኒላ በሚባል አምባር መልክ ነው። ማኒላ ገንዘብ ነበር። በዚያ ገንዘብ ሰው ተገዝቶበታል።

ከዚህ በኋላ ወሬው ይደበላለቃል። አንዱ "ብረቱ የጀርመን ከሆነ ቅርሱ እንዴት የአፍሪካ ይሆናል?" ብሎ ይጠይቃል። ሌላው "በሰው ዋጋ የተገኘ ብረት ስለሆነ የተሸጡት ሰዎች ልጆች ድርሻ አላቸው" ይላል። ሦስተኛው "ማኒላ የአፍሪካ ባህላዊ ገንዘብ ነው፤ አውሮፓን ምን አገባው?" ብሎ ነገሩን ይዘጋል። እያንዳንዳቸው የያዙት እውነት አለ። ነገር ግን ማኒላ ምን እንደነበር፣ በማን እጅ ምን ይሠራ እንደነበር ሳይታወቅ ስለ ባለቤትነት መፍረድ ከባድ ነው። ስለዚህ ከገንዘቡ እንጀምር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## መጀመሪያ ስሞቹን እናጥራ

ቤኒን ሲባል ብዙ ሰው የዛሬዋን የቤኒን ሪፐብሊክ ያስባል። እዚህ የምናወራው ግን ስለ ጥንቱ የቤኒን መንግሥት ነው። መናገሻው ቤኒን ሲቲ ዛሬ በደቡብ ናይጄሪያ፣ በኤዶ ግዛት ውስጥ ይገኛል። ሕዝቡ ኤዶ ይባላል። ንጉሡ ደግሞ ኦባ ይባላል። ዘውዱ ዛሬም አለ፤ አሁን በዙፋኑ ላይ ያሉት ኦባ ኤዋሬ ዳግማዊ ናቸው።

"የቤኒን ነሐሶች" የሚለው ስምም ትንሽ ያሳስታል። ነሐስ የመዳብና የቆርቆሮ ቅይጥ ነው። ከቅርሶቹ አብዛኞቹ ግን የተሠሩት ከናስ ነው፤ ናስ ደግሞ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ልዩነቱ ለተራ ተመልካች ቀላል ሊመስል ይችላል። ብረቱ ከየት እንደመጣ ለሚመረምር ሰው ግን ዋናው ፍንጭ እሱ ነው።

ማኒላ የሚለው ቃል ከፖርቱጋሎች የመጣ ሲሆን ትርጉሙ አምባር ነው። ከፊሊፒንስ ዋና ከተማ ጋር አይገናኝም። ማኒላ ሙሉ ቀለበት ሳይሆን አንድ በኩል ክፍት ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ሰፋ ብለው ያልቃሉ። ከሩቅ ሲያዩት የፈረስ ኮቴ ብረት ይመስላል። ከመዳብ፣ ከናስ፣ በኋላም እርሳስ ከበዛባቸው ቅይጦች ይሠራ ነበር።

## ጌጥ እንዴት ገንዘብ ይሆናል?

ለዛሬ ሰው ገንዘብ ማለት ወረቀት ወይም ስልክ ላይ ያለ ቁጥር ነው። ጌጥ ሌላ፣ ገንዘብ ሌላ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ግን ሁለቱ ለዘመናት አንድ ላይ ኖረዋል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ብረት አይበሰብስም። በቁጥር ይሰፈራል። በእጅ ከተደረገ ሌባ በቀላሉ አይወስደውም። ሀብትም ያሳያል። ሲያስፈልግ ደግሞ እሳት ውስጥ ገብቶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። መዳብ በማይገኝበት አካባቢ እነዚህ ሁሉ ጠባዮች ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈ የቀይ ባሕር የንግድ መመሪያ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገቡትን ዕቃዎች ይዘረዝራል። ከነሱ አንዱ ናስ ነው። ሰዎቹ ናሱን ለጌጥ እንደሚጠቀሙበትና እየቆራረጡም እንደ ገንዘብ እንደሚገበያዩበት ጽሑፉ ይናገራል። ለስላሳው መዳብ ደግሞ ለማብሰያ ዕቃ፣ ለሴቶችም የእጅና የእግር አምባር ይሆን ነበር። ይህ አክሱም የራሷን የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም ማተም ከመጀመሯ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

ቋንቋችንም ይህን ታሪክ ይዞ ቆይቷል። "ብር" ስንል ማዕድኑንም ገንዘቡንም ማለታችን ነው። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ በኢቢቢዮና በኤፊክ ሕዝቦች ዘንድ "ኦክፖሆ" የሚለው ቃል እንዲሁ ነው። ናስና መዳብ ይጠሩበታል። ማኒላን ይጠሩበታል። ገንዘብንም ይጠሩበታል።

ማኒላ ብቻውንም አልነበረም። በደቡብ ኮንጎ፣ በካታንጋ፣ በመስቀል ቅርጽ የተቀረጸ መዳብ ገንዘብ ነበር። በኡፔምባ አካባቢ የተቆፈሩ መቃብሮች የለውጡን መንገድ ያሳያሉ። በቀደሙት መቃብሮች ውስጥ ትልልቅ መስቀሎች በሟቹ ደረት ላይ ተቀምጠው ተገኝተዋል። በኋለኞቹ ውስጥ መስቀሎቹ ያንሳሉ፣ ቁጥራቸው ይበዛል፣ ቦታቸውም ወደ እጅና ወደ ወገብ ይወርዳል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ይህን የክብር ምልክት ቀስ በቀስ ወደሚቆጠር ገንዘብ የተለወጠበት ሂደት አድርገው ያነቡታል። ካታንጋ በ1960 ከኮንጎ ተገንጥያለሁ ስትል በባንዲራዋ ላይ ያኖረችውም ሦስት የመዳብ መስቀሎችን ነበር።

በሴራሊዮን፣ በላይቤሪያና በጊኒ ድንበር አካባቢ ደግሞ ኪሲ ፔኒ የሚባል ቀጭን፣ የተጠመዘዘ የብረት ዘንግ ነበር። አንዱ ጫፉ "ጆሮ"፣ ሌላው ጫፉ "እግር" ይባላል። ነፍስ ያለው ገንዘብ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ከተሰበረ ነፍሱ ወጣች ይባላል፤ ዋጋም አይኖረውም። መልሶ ለመጠገን የሃይማኖት ሥልጣን ያለው ሰው ሥርዓት መፈጸም ነበረበት። ዘንጎቹ በመቃብር ላይም ይቀመጡ ነበር።

## ከራይን ወንዝ እስከ ጊኒ ባሕር ሰላጤ

ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ቤኒን ጠረፍ ሲደርሱ የአካባቢው ሰው ናስና መዳብ አጥብቆ እንደሚፈልግ አወቁ። ፖርቱጋል ግን በቂ ናስ አልነበራትም። ስለዚህ ፊቷን ወደ ጀርመን ነጋዴዎች አዞረች። በ1548 የአውግስቡርግ ከተማ ባለጸጎች የነበሩት የፉገር ቤተሰብ ከፖርቱጋል ንጉሥ ጋር ውል ፈረሙ። በሦስት ዓመት ውስጥ 432 ቶን፣ በቁጥር 1.4 ሚሊዮን ገደማ ማኒላ ለማቅረብ ነበር ስምምነቱ። ይህ አንድ ውል ብቻ ነው።

የ2023ቱ ጥናት የመረመረው ይህን መንገድ ነው። ጥናቱን የመራው በቦኹም የጌኦርግ አግሪኮላ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ቶቢያስ ስኮቭሮኔክ ነው። ቡድኑ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከሰጠሙ አምስት መርከቦችና በአውሮፓና በአፍሪካ ካሉ ሦስት የየብስ ቦታዎች የተገኙ 67 ማኒላዎችን መረመረ። ዘዴው በእርሳስ አይሶቶፕ ላይ ይመሠረታል። አይሶቶፕ ማለት የአንድ ንጥረ ነገር ክብደታቸው የሚለያይ ዓይነቶች ናቸው። በናስ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት እርሳስ አለ። የእርሳሱ አይሶቶፖች መጠን ማዕድኑ እንደተገኘበት ምድር ይለያያል። ማቅለጥም ሆነ ማጣራት ይህን መጠን አይለውጠውም። እንደ አሻራ ነው።

አሻራው በኮሎኝና በአኸን ከተሞች መካከል ካለው የማዕድን አካባቢ ጋር ገጠመ። ከቤኒን ቅርሶች አሻራ ጋርም ገጠመ። አንድ ነገር ግን በብዙ ዘገባ ላይ ተዘሏል። የገጠሙት የቀደሙት ዘመን ማኒላዎች ናቸው። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ያመረቷቸው ከቅርሶቹ ጋር አልገጠሙም። አጥኚዎቹ ከዚህ ተነሥተው አፍሪካውያን ገዢዎች የሚፈልጉትን የናስ ዓይነት እየመረጡ ይቀበሉ ነበር ይላሉ። የመጣላቸውን ሁሉ አልወሰዱም። ጥራቱን የሚያዘው ፈላጊው ነበር፤ የአውሮፓ ፋብሪካም ያንን ተከትሎ ሠራ።

ይህ ነጥብ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲነገር አፍሪካዊው ዶቃና ቀለበት አይቶ የሚማረክ የዋህ ሆኖ ይቀርባል። የብረቱ አሻራ የሚናገረው ሌላ ነው። ገበያውን የሚያውቅ፣ ብረት የሚለይ፣ የማይፈልገውን የሚመልስ ገዢ ነበር።

## ስንት አምባር ለአንድ ሰው?

ነገር ግን ምን ተሰጥቶ ነው ናሱ የመጣው? እዚህ ላይ ማለዘብ አይቻልም። በ1500ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ፖርቱጋላዊ መርከበኛ ዱዋርቴ ፓቼኮ ፔሬይራ በዚያ ጠረፍ አንድ ሰው በ12 እስከ 15 የናስ አምባር ይገዛ እንደነበር መዝግቧል። በ1522 ዋጋው በቤኒን 50 ማኒላ ገደማ ደርሶ ነበር። የፖርቱጋል ንጉሥ ከ40 በላይ እንዳይከፈል አዘዘ። ይህን ሲያነቡ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ንጉሡን ያሳሰበው የሰው መሸጥ አልነበረም። የዋጋው መናር ነበር።

በሌላ በኩል ቤኒን የሸጠችው ሰው ብቻ አልነበረም። ቁንዶ በርበሬ፣ የዝሆን ጥርስና ጨርቅም በማኒላ ይሸጡ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ወንድ ባሪያ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ከልክሏል። ክልከላው ሴቶችን አልጨመረም፤ በኋላም ላልቷል። ስለዚህ "እያንዳንዱ ቅርስ በሰው የተገዛ ነው" ማለት ልክ አይሆንም። "ከባሪያ ንግድ ጋር አይገናኝም" ማለትም እንዲሁ ልክ አይደለም። አንድ ቅርስ ውስጥ የቀለጡት አምባሮች የትኛው በበርበሬ፣ የትኛው በሴት ልጅ እንደመጣ ምንም ቤተ ሙከራ ሊለይ አይችልም። አይሶቶፕ የማዕድኑን ምድር ይነግረናል። ማኒላው በስንት እጅ እንዳለፈ አይነግረንም።

## አምባሩ እሳት ውስጥ ሲገባ

በቤኒን ናስ የንጉሥ ብረት ነበር። ቀላጮቹ ኢጉን በሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፉ የማኅበር ሰዎች ናቸው። የሚሠሩት ለኦባው ነበር። ስለዚህ ማኒላ በቤኒን ከተማ ውስጥ ከገንዘብነቱ ይልቅ ጥሬ ዕቃነቱ ያመዝን ነበር። ወደ ግምጃ ቤት ገብቶ፣ ከዚያ ወደ ቀላጮች ሄዶ፣ የነገሥታት አያቶች ራስ፣ የመሠዊያ ዕቃ ወይም በቤተ መንግሥት ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ሆኖ ይወጣል።

አሠራሩ በሰም ነው። ባለሙያው መጀመሪያ ቅርጹን በሸክላ እምብርት ላይ በሰም ያበጃል። ፀጉሩን፣ ዶቃውን፣ የልብሱን ጥልፍ ሁሉ በሰሙ ላይ ይቀርጻል። ከዚያ በጭቃ ይለብጠዋል። ሲተኮስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ የቀለጠ ናስ ይፈስበታል። ሲቀዘቅዝ ጭቃው ይሰበራል። አንድ ጭቃ አንድ ሥራ ብቻ ነው የሚሰጠው። ብዙዎቹ ሰሌዳዎች በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኦባ ኤሲጊዬና በልጃቸው ዘመን እንደተሠሩ ይታመናል። ማኒላ በብዛት የገባበት ዘመን ነው።

ሙያው ከፖርቱጋሎች የመጣ ነው የሚል አስተሳሰብ በአንድ ወቅት በአውሮፓ ተስፋፍቶ ነበር። ዛሬ የሚቀበለው ሰው የለም። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ፣ በኢግቦ ኡክዉ የተገኙት እጅግ ረቂቅ የነሐስ ሥራዎች የ9ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ ናቸው። የኢፌ ከተማ ራሶችም ፖርቱጋሎች ከመምጣታቸው በፊት የተሠሩ ናቸው። የውጭ ንግድ የሰጠው የብረት ብዛት ነው። ጥበቡ ቀድሞም ነበር።

በአንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ላይ የራሱ የገንዘቡ ምስል አለ። ረጅም ፀጉርና ጢም ያለው ፖርቱጋላዊ ቆሟል፤ በዙሪያው ማኒላዎች ተቀርጸዋል። ቀላጩ ብረቱ ከየት እንደመጣ አልደበቀም። የነጋዴውን ምስል የሠራው ነጋዴው ባመጣው ናስ ነው።

## በገበያ፣ በሠርግና በለቅሶ

ከቤኒን በስተምሥራቅ፣ በኒጀር ዴልታና በክሮስ ወንዝ መካከል ባለው አገር፣ የማኒላ ኑሮ ሌላ ነበር። እዚያ ማኒላ የየቀኑ ገንዘብ ሆነ። ሴቶች ገበያ ወጥተው በማኒላ ቦዬ (ያም)፣ ዓሣና ፓልም ዘይት ይገዙና ይሸጡ ነበር። የመሬት ዕዳ በማኒላ ይከፈል ነበር። የሽማግሌ ቅጣት በማኒላ ይቆረጥ ነበር። ለልጃገረድ ጥሎሽ ማኒላ ይቆጠር ነበር። ለለቅሶ ማኒላ ይወጣ ነበር።

ስለ አፍሪካ ባህላዊ ገንዘቦች በጻፉ ምሁራን ዘንድ አንድ የቆየ ክፍፍል አለ። የዛሬው ገንዘብ "ሁሉን አቀፍ" ነው፤ ሁሉን ነገር ይገዛል። ባህላዊው ገንዘብ ደግሞ "የተወሰነ ተግባር" ያለው ነው፤ ለጥሎሽ የሚሰጠው ለጎመን አይሰጥም፣ ይላሉ። ለአንዳንድ ቦታዎች ይህ ይሠራል። በደቡብ ምሥራቅ ናይጄሪያ ግን ማኒላ ሁለቱንም ነበር። ያው አምባር ጠዋት ገበያ ላይ ዓሣ ይገዛል፤ ማታ በሽማግሌዎች ፊት ተቆጥሮ ሁለት ቤተሰብ ያጋባል። ትርጉሙን የሚለውጠው ሥርዓቱ ነው። ጥሎሽ ሆኖ የተቆጠረ ማኒላ ዋጋ ብቻ አይደለም። ቤተሰቦቹ የቃል ኪዳናቸውን ምስክር በእጃቸው ያዙ ማለት ነው። ትዳር ቢፈርስ መመለስ ያለበትም እሱ ነው።

ማኒላዎቹም አንድ ዓይነት አልነበሩም። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን በርሚንግሃም ዋና የማምረቻ ከተማ ሆነች። በመጠን፣ በቅይጥ፣ በጫፎቹ አቆራረጥ የሚለያዩ ብዙ ዓይነቶች መጡ። በአንዱ መንደር የተወደደ ማኒላ በሌላው አይፈለግም። ሰዎች በዓይን ብቻ ሳይሆን በጆሮም ይለዩ ነበር። ማኒላውን መትተው ድምፁን ያዳምጣሉ። ድሮ የአገራችን ነጋዴዎች የማርትሬዛ ብርን በንግሥቲቱ ምስል ላይ ያሉትን ትንንሽ ነጥቦች ሳይቀር አይተው ይቀበሉ እንደነበረው ማለት ነው።

እንግሊዝ ናይጄሪያን ስትገዛ ይህን ገንዘብ አልወደደችውም። በ1902 ማኒላ ያለ ፈቃድ ወደ አገር እንዳይገባ ታወጀ። ዓላማው የእንግሊዝ ሳንቲምን ማስለመድ ነበር። ሕዝቡ ግን ማኒላውን አልተወም። ውጤቱ ሁለት ገንዘብ ጎን ለጎን የሚሄዱበት ኢኮኖሚ ሆነ። ማኒላ አዲስ አይገባም፤ ቁጥሩ አይጨምርም። ሽልንግ ግን ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ምንዛሪ ከፓልም ዘይት ዋጋ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

የሚጎዳው ሰው በየወቅቱ ይለያያል። አስተማሪ፣ ፖሊስና ጸሐፊ ደመወዛቸውን በሽልንግ ያገኛሉ። ምግብ የሚሸጠው ግን በማኒላ ነው። ማኒላ ሲወደድ ደመወዛቸው ሳይቀነስ ኑሯቸው ይከብዳል። ገበሬው ደግሞ ሀብቱ በማኒላ ነው። ግብር የሚጠየቀው በሽልንግ ነው። ማኒላ ሲረክስ ያንኑ ግብር ለመክፈል ብዙ አምባር ማውጣት አለበት። በውጭ ምንዛሪ ለውጥ ኑሮው የተናጋበት የዛሬ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በመጨረሻ ቅኝ ገዢው መንግሥት ማኒላን ከገበያ ለመሰብሰብ ወሰነ። ሥራው ከጥቅምት 1948 እስከ መጋቢት 1949 ተካሄደ። ከ32 ሚሊዮን በላይ ማኒላ ተሰበሰበ። ኦክፖሆ የሚባለው ዋናው ዓይነት እያንዳንዱ በሦስት ፔኒ ተገዛ። ከዚያ ብረቱ ተመዝኖ ለማቅለጫ ተሸጠ፤ ከ2 ሺህ 400 ቶን በላይ ነበር። ከሚያዝያ 1949 ጀምሮ በማኒላ መገበያየት ሕገ ወጥ ሆነ።

አንድ ነገር ግን ተፈቀደ። ማንኛውም ሰው ለሥርዓት የሚሆን እስከ 200 ማኒላ ማስቀረት ይችል ነበር። መንግሥቱ ራሱ ጥሎሽና ለቅሶ ያለ ማኒላ እንደማይሆኑ አምኖ ነበር ማለት ነው። ገንዘቡን ከገበያ ማውጣት ቻለ። ከሠርግ ቤት ማውጣት ግን አልደፈረም።

## ታዲያ ቅርሱ የማን ነው?

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ ክርክሩ እንመለስ። በ1897 የእንግሊዝ ጦር ቤኒን ሲቲን ወረረ። ቤተ መንግሥቱ ተዘረፈ፣ ከተማው ተቃጠለ። ኦባ ኦቮንራምዌን ወደ ካላባር ተሰደዱ፤ በ1914 እዚያው ሞቱ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቅርሶች በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ተበተኑ። የመመለስ ጥያቄው መሠረት ይህ ነው።

"ብረቱ የጀርመን ነው" የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም። ጀርመኖቹ ናሱን ሸጠውታል፤ ዋጋውንም ተቀብለዋል። የተሸጠ ጥሬ ዕቃ በገዢው አገር ሌላ ነገር ሲሆን የሻጩ ቅርስ አይሆንም። ለእኛ ቅርብ የሆነ ምሳሌ አለ። ጠገራው የማርትሬዛ ብር የኦስትሪያ ሥራ ነው። ላዩ ላይ የኦስትሪያ ንግሥት ምስልና 1780 የሚል ዓመት አለበት። የአገራችን አንጥረኞች ግን ያንን ብር አቅልጠው ስንት የአንገት መስቀልና ስንት አምባር ሠርተውበታል። ከእናት ለልጅ የወረደ የአንገት መስቀል "የኦስትሪያ ቅርስ ነው" የሚል ሰው ቢመጣ ማንም አይሰማውም።

ሁለተኛው መከራከሪያ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። ኒውዮርክ የሚገኘው ሪስቲቲዩሽን ስተዲ ግሩፕ የሚባል ድርጅት በ2022 የአሜሪካው ስሚትሶኒያን ተቋም ቅርሶችን ለናይጄሪያ እንዳይመልስ በፍርድ ቤት ለማስቆም ሞክሮ አልተሳካለትም፤ ተቋሙ 29 ቅርሶችን መልሷል። ድርጅቱ የሚለው ይህ ነው፦ ማኒላዎቹ የአያቶቻችን ዋጋ ናቸው። ቅርሶቹ ለሸጡት መንግሥት ወራሾች ብቻ ከተመለሱ የተሸጡት ሰዎች ዘሮች ዳግም ይረሳሉ። ስለዚህ ድርሻ ይገባናል።

የሕግ መንገዱ አስቸጋሪ ነው። የትኛው ቅርስ የማን አያት ዋጋ እንደሆነ ማሳየት አይቻልም። ቅርሱን ሎንዶን ወይም ዋሽንግተን ማቆየትም ለተሸጡት ሰዎች ዘሮች ሳይሆን ቅርሱን ለያዘው ሙዚየም ነው የሚጠቅመው። የሞራል ጥያቄው ግን እውነተኛ ነው። ከላይ የጠቀስነው የማርትሬዛ ብርም በቀይ ባሕር የባሪያ ንግድ ይከፈልበት ነበር፤ ከአገራችን መንደሮች የተወሰዱ ሰዎች ዋጋ ሆኗል። ስለ ቤኒን የምንጠይቀውን ስለ ራሳችን የብር ጌጥም መጠየቅ ይኖርብናል።

በናይጄሪያ ውስጥም ክርክር አለ። በመጋቢት 2023 የወቅቱ ፕሬዝዳንት ሙሐማዱ ቡሃሪ የሚመለሱት ቅርሶች ባለቤት ኦባው መሆናቸውን አወጁ። አንዳንድ የአውሮፓ ምሁራን ቅርሱ ከሕዝብ ሙዚየም ወደ ግል ንብረት ሄደ ብለው ተቃወሙ። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሊያደርገው የነበረውን ርክክብ አዘገየ። የቤኒን ሰዎች መልስ ቀጥተኛ ነበር፦ የተዘረፈው የኦባው ቤት ነው፤ ሌባ የመለሰውን ዕቃ የት ማስቀመጥ እንዳለበት ለባለቤቱ አይነግርም። በ2025 መጨረሻም በቤኒን ሲቲ የተሠራው የምዕራብ አፍሪካ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእንግዶች ሊከፈት ሲል ቅርሶቹ የቤተ መንግሥቱ ናቸው የሚሉ ተቃዋሚዎች ግቢው ገብተው ዝግጅቱን አቋርጠዋል።

በእኔ እይታ ባለቤትነቱ የቤኒን ነው። ነገር ግን መመለስና መናገር ሁለት ሥራዎች ናቸው። በአንዳንድ ሙዚየሞች ከቅርሶቹ ሥር "ናስ፣ 16ኛው ክፍለ ዘመን" የሚል አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው ያለው። ናሱ ከራይን እንደመጣ፣ አምባር እንደነበር፣ በበርበሬ፣ በዝሆን ጥርስና በሰው እንደተለወጠ እዚያው ቢጻፍ ቦታ አይጠብም። ከቅርሱ አጠገብ አንድ ማኒላ ማስቀመጥ ይቻላል። ቤኒን ሲቲ ውስጥ ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ በኢጉን ጎዳና የቀላጮቹ ልጆች ዛሬም በሰም ይቀርጻሉ፣ ናስ ያፈስሳሉ።